ስማቸው ጠፍቶ ብራቸው ቀረ፦ ዊንዶውስ ካስቀየርኩ በኋላ ኢሜይሌ የገባበት ጣጣ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ታይፒንግ ቤት አለችኝ። ታይፕ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን። በሩ ላይ ያልጻፍኩት ሥራም አለ፤ የሰው ኢሜይል መቀበል። ስልክ ላይ መነካካት የማይሆንላቸው ደንበኞቼ በእኔ አድራሻ ይጻጻፋሉ። የመጣላቸውን አትሜ እሰጣቸዋለሁ፣ መልሱን እነሱ እየነገሩኝ እጽፋለሁ።

ከነዚህ አንዱ ሐጂ ናቸው። በጅቡቲ በኩል የመኪና መለዋወጫ ያስመጣሉ፤ የዕቃ አስተላላፊው ወረቀት ሁሉ የሚመጣው በእኔ በኩል ነው። ሌላው የሰፈራችን ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ውጭ ያሉ የሰፈራችን ልጆች ለድንኳንና ለዕቃ ማደሻ ሲያዋጡ፣ "እኔ እገሌ ይህን ያህል ልኬያለሁ" ብለው የሚጽፉት ለእኔ ነው።

ባለፈው ክረምት ዊንዶውስ አስቀየርኩ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ብዙ ሰው ዊንዶውስ የሚያስቀይርበት ጊዜ ስለሆነ ነው ይህን መጻፌ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ወደ 11 ለመሻገር ሲፒዩውን ተሸክሞ ወደ ባለሙያ የሚሄደው ብዙ ነው። እኔ ከዚያም የባስኩ ነበርኩ። እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ በዊንዶውስ 7 ነበር የምሠራው። የሱ ድጋፍ የቆመው እኮ ገና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው! ሥራ እስከሠራ ድረስ ምን አገባኝ ብዬ ኖርኩ። ክሮም ከ109ኛው ቨርዥን ወዲህ ዊንዶውስ 7 ላይ መታደስ ሲያቆም ግን አንዳንድ ድረ ገጾች አልከፍትም ይሉኝ ጀመር። ደንበኛ ፊት "ኮምፒውተርህ አርጅቷል" የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ያሳፍራል።

ኮምቦልቻ አንድ ባለሙያ አለ ተባልኩ። ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልዬ በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ግን አንድ ሥራ ሠርቼ ነበር። ትልቁ ጥፋቴ እሱ ነው።

ባክአፕ ልይዝ ፈለግኩ። አሳቡ ደግ ነበር። ኖትፓድ ከፍቼ ከየኢሜይሉ የቅሬ አዋጪዎችን ስምና የብር መጠን እየገለበጥኩ ለጠፍኩ። ግማሽ ሌሊት ፈጀብኝ። ሴቭ ስለው በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ማስጠንቀቂያ መጣ። ደክሞኛል፣ መብራትም አንዴ ሄዶ ተመልሷል፤ ሳላነበው ኦኬ አልኩት። በዚህ አላበቃሁም። ከገለበጥኳቸው ኢሜይሎች ጥቂቶቹን "እነዚህስ ተመዝግበዋል" ብዬ ደመሰስኩ። ኢሜይሌን የምከፍትበት ፕሮግራም፣ ተንደርበርድ፣ ቦታ ላስለቅቅ ወይ ሲለኝም እሺ አልኩት። ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጌ ፍላሹን ኪሴ ከትቼ ተኛሁ። ልቤ ሙሉ ነበር።

ባለሙያው ልጅ ቅን ነው። "ጋሼ፣ ምን ልያዝሎት?" ብሎ ጠየቀኝ። ፎቶና ዶክመንት አልኩት። "ኢሜይልስ?" ስለው "ኢሜይል እኮ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው፣ ምን ይሆናል ብለው ነው" አለኝ። እኔም አመንኩት። ዊንዶውስ 11 ይህን ማሽን አይቀበልም፣ የሚፈልገው የደኅንነት ቺፕ የለውም ብሎ 10 ጫነልኝ። ማታ ደሴ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ልቁምና አንድ ነገር ልናገር። "ኢሜይል ኢንተርኔት ላይ ነው" የሚለው ለሁሉም ሰው አይሠራም። ኢሜይላችሁን በፕሮግራም የምትከፍቱ ከሆነ ሁለት ዓይነት አገናኝ አለ። አይማፕ የሚባለው ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ለእናንተ ያሳያችኋል። ፖፕ 3 የሚባለው ወደ ኮምፒውተራችሁ ያወርደዋል፤ ሰርቨሩ ላይም ወዲያው ወይም ከተወሰነ ቀን በኋላ ያነሳዋል። የእኔ ፖፕ 3 ነበር። ድሮ ኢንተርኔት በሰዓት በሚቆጠርበት ጊዜ ያስተካከልኩት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ረስቼዋለሁ። ዊንዶውስ ከማስቀየራችሁ በፊት የአካውንት ሴቲንጋችሁን ከፍታችሁ ከሁለቱ የትኛው እንደተጻፈ እዩ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ፖፕ ካለ፣ የቆየው ደብዳቤያችሁ ያለው ያ የምታስቀይሩት ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በማግሥቱ ተንደርበርድን ጭኜ አካውንቴን አስገባሁ። ደብዳቤ መውረድ ጀመረ። ደስ አለኝ። ቆጠራው ቆመ። የመጣው የሁለት ሳምንት ደብዳቤ ብቻ ነው። የስንት ዓመቱ የት ገባ? ይሁን፣ የቅሬው ስም ፍላሽ ላይ አለኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፍላሹን ሰክቼ ፋይሉን ከፈትኩ።

???? ????? 5000
??? ???? 2000
???? ??? 10000

ገጹ ሙሉ እንዲህ ነው። ማን እንደሰጠ ጠፍቶ ስንት እንደሰጠ ብቻ ቀርቷል። ለአንድ የቅሬ ጸሐፊ ከዚህ የከፋ ምን አለ? ገንዘቡ ባንክ ነው፣ አልጠፋም። ግን ባንኩ ላይ የሚታየው የላኪው ሳይሆን ብሩን አምጥቶ ያስገባው የዘመድ ስም ነው። የሰጪዎቹን ስም እሑድ ስብሰባ ላይ አነባለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። እሑድ የቀረው አሥር ቀን ነው።

በዚህ መሃል ሐጂ ገቡ። ጉሙ ከእሳቸው ጋር ገባ ማለት ይቻላል፤ የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። "ልጄ፣ የጅቡቲው ሰው ልኬያለሁ ብሎኛል፣ እስቲ አትምልኝ።" ኢሜይሉ መጥቷል። ርዕሱ ይታያል፣ የላኪው ስም ይታያል። ስከፍተው ነጭ ነው። ባዶ። ዘግቼ ከፈትኩ፣ ያው ነው። አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ያው ነው። "ሐጂ፣ ባዶ ነው የላኩት" አልኳቸው። ደወሉ። በስልኩ የነበረው ጭቅጭቅ ለእኔ እንኳ አስፈራኝ። ዕቃው ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር ዲሙሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል። ሰውየው ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ላከ፣ ሦስቴም ነጭ። ሐጂ እኔን እያዩ "አብሽር፣ አብሽር" ይሉኛል፤ ላባቸው ግን ይታየኛል፣ በዚያ ብርድ።

ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ያንኑ ኢሜይል በስልኬ ብራውዘር ከፈትኩት። ሙሉ ደብዳቤ፣ ከነሠንጠረዡ፣ ከነማኅተሙ። ሰውየው በትክክል ልኳል። እኔ ግን በሐጂ ፊት ስሙን አጥፍቼዋለሁ። እባካችሁ፣ አንድ ኢሜይል ተበላሽቶ ከታያችሁ ላኪውን ከመውቀሳችሁ በፊት በሌላ መሣሪያ ክፈቱት። እዚያ ደህና ከታየ ደብዳቤው ጤነኛ ነው፤ የታመመው የእናንተ ማሳያ ነው።

የነጩ ገጽ ምክንያት ኋላ ላይ ተገኘ። አዲሱ ዊንዶውስ የእኔን አሮጌ የግራፊክስ ካርድ በትክክለኛ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን በሚያሠራው ፕሮግራም፣ ሳይሆን በደረቁ፣ ለሁሉም በሚሆነው ነበር የሚያሠራው። ተንደርበርድ ደግሞ ገጹን ቶሎ ለመሣል በካርዱ ሊጠቀም ይሞክራል። ሁለቱ አልተግባቡም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን ምልክት አነሳሁ። ዘግቼ ስከፍተው ደብዳቤው ቁጭ ብሏል። አውትሉክ የምትጠቀሙም በብዙዎቹ ቨርዥኖች ኦፕሽንስ ውስጥ፣ አድቫንስድ ከሚለው ሥር ይኸው ምርጫ አላችሁ። ቆየት ብዬ የካርዱን ድራይቨር ከአምራቹ አውርጄ ስጭን ምልክቱን መመለስ ቻልኩ።

የሐጂ ተፈታ። የቅሬው ግን ቀን በቀን እየባሰ ሄደ፤ ያባባስኩትም ራሴ ነኝ። ከኢንተርኔት "ማንኛውንም የተበላሸ ፊደል ያስተካክላል" የሚል ፕሮግራም አውርጄ ጫንኩ። ፊደል አላስተካከለም፤ ስክሪኔን በማስታወቂያ ሞላው። ከዚያ ፎንት ይሆናል ብዬ ያገኘሁትን የአማርኛ ፎንት ሁሉ ጫንኩ። ጥያቄ ምልክቱ በየፎንቱ መልኩን ቀይሮ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ቀረ። በዚህ ሁሉ ሲ ድራይቩ ሞልቶ ቀይ ሆነ። አንድ ጓደኛዬ "ዲስክ ክሊንአፕ አድርገው፣ የድሮው ዊንዶውስ ብዙ ጊጋ ይዞብህ ነው፣ አጥፋው" አለኝ። ስምንተኛው ቀን ማታ ነው። ዝርዝሩን አውጥቼ "የቀድሞ የዊንዶውስ ጭነት" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። መብራት ጠፋ።

መብራት ኃይልን ያመሰገንኩበት ቀን ቢኖር እሱ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም መጣች። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበርና እስኪታተም ተቀመጪ አልናት። አቦሉን እየጠጣች ስክሪኔን አየችው፤ ያ ጥያቄ ምልክት አሁንም ተከፍቷል። "ጋሼ፣ ይሄን ኖትፓድ ላይ አንሲ ብለው ነው ሴቭ ያደረጉት አይደል?" አለችኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ አስረዳችኝ።

ያስረዳችኝን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ፤ በኋላ ሁሉም የተፈታልኝ በዚህ ነውና። የተበላሸ አማርኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ብልሽት አይደለም። የብልሽቱ መልክ ራሱ በሽታውን ይናገራል። ሳጥን ሳጥን ከታያችሁ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ያንን ፊደል የሚሥልበት ፎንት አጥቶ ነው። ፎንት ጫኑለት፣ ይድናል። የላቲን ፊደል ከአናቱ ጭረት ይዞ፣ በተለይ ባለጭረቷ ትንሿ ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ከመጣች፣ ጽሑፉ አሁንም ደህና ነው፤ ግን በተሳሳተ ኢንኮዲንግ፣ ፊደል በቁጥር በሚቀመጥበት ደንብ፣ እየተነበበ ነው። የዓለምን ፊደል በሚይዘው የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም መደበኛ ፊደላት አንድ ነው። ያቺ ባለጭረት ኤ እሱ ናት። ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን፣ ያ ፊደል ከፋይሉ ውስጥ የለም። ሴቭ ሲደረግ ተጥሎ በቦታው ጥያቄ ምልክት ተጽፏል። ምንም ፎንት፣ ምንም ፕሮግራም አይመልሰውም። ያ ሳላነበው ኦኬ ያልኩት ማስጠንቀቂያ ይህንኑ ነበር የሚለኝ፤ በአንሲ፣ የግዕዝ ፊደል በማይዘው የድሮ ኢንኮዲንግ፣ ካስቀመጥክ እነዚህ ፊደሎች ይጠፋሉ ነው የሚለው። የዊንዶውስ 7 ኖትፓድ ካልቀየሩት በዚያ ነው የሚያስቀምጠው። የአሁኑ ዊንዶውስ 10 ኖትፓድ በዩቲኤፍ 8 ያስቀምጣል፤ እንዲያም ሆኖ ሴቭ አዝ ብላችሁ ከታች ያለውን ኢንኮዲንግ የሚለውን ማየት ልማድ አድርጉት።

"እንግዲህ ስሞቹ አበቃላቸው?" አልኳት። "ፋይሉ አብቅቶለታል፤ ኢሜይሎቹስ?" አለች። ኮምቦልቻ እንደቀሩ ነገርኳት። ሲ ድራይቩን ከፈተችና ዊንዶውስ ኦልድ የሚል ፎልደር አሳየችኝ። ባለሙያው ዲስኩን ፎርማት ሳያደርግ ነው በላዩ የጫነው። እንዲህ ሲሆን አሮጌው ዊንዶውስ ከነተጠቃሚው ፋይል ተጠቅልሎ እዚያ ይቀመጣል። ያውም ለአሥር ቀን ያህል፤ ከዚያ ዊንዶውስ ራሱ ያጠፋዋል። ስንተኛ ቀንህ ነው አለችኝ። ዘጠነኛ። ማታ ልደመስሰው የነበረውም ይኸው ነው። ስነግራት ስኒውን አስቀመጠች።

ሥራው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳንነካ ፎልደሩን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥነው። ሃርድ ዲስክ ከጎረቤት ፎቶ ቤት ተዋስኩ። ከዚያ ዩዘርስ ውስጥ የእኔ ስም፣ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ተንደርበርድ። አፕዳታ ድብቅ ነው፤ በፎልደር መስኮቱ ላይ ቪው ከሚለው ሂድን አይተምስ የሚለውን ምልክት ካላደረጋችሁ አይታይም፣ ብዙ ሰው የለም ብሎ የሚመለሰው እዚያ ነው። በአዲሱ ተንደርበርድ ሄልፕ ከሚለው ውስጥ የችግር መፈለጊያው ገጽ የፕሮፋይል ፎልደሩን፣ ደብዳቤውና ሴቲንጉ የሚቀመጥበትን፣ ይከፍትላችኋል። ከከፈታችሁ በኋላ ተንደርበርድን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። የአሮጌውን ፕሮፋይል ይዘት ወደ አዲሱ ገልብጡ። አዲሱ ተንደርበርድ ከአሮጌው እኩል ወይም የበለጠ አዲስ ቨርዥን መሆን አለበት፤ የቆየ ቨርዥን አዲስ ፕሮፋይል አልቀበልም ይላል።

ተንደርበርድን ስከፍተው ግራ በኩል ያሉት ፎልደሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የሐጂ፣ የቅሬ፣ የደንበኞች። በቡናው ላይ ቶናውም በረካውም ተጠጣ። ልጅቷ የኅትመት ልክፈል ስትለኝ ተቆጣኋት።

ሁሉም ግን አማርኛ ሆኖ አልመጣም። እዚህ ላይ የተማርኩት ወዲያው ሠራ። የቅሬው ፎልደር ውስጥ አንዳንዶቹ ባለጭረት ኤ ሆነው መጡ። አልደነገጥኩም። ላኪው ያን ጊዜ የተጠቀመበት ቅጽ ኢንኮዲንጉን ሳይናገር የላካቸው ናቸው። በአሮጌው ማሽን ላይ ድሮ አንድ ጊዜ "ካልተነገረህ ዩኒኮድ ነው ብለህ አንብብ" ብዬ አስተካክዬለት ነበር፤ አዲሱ ላይ ይህ የለም። ቪው ከሚለው ሥር ሪፔር ቴክስት ኢንኮዲንግ የሚል አለ፤ ደብዳቤውን ከፍታችሁ እሱን ትነካላችሁ። ፊደሉ ዓይናችሁ እያየ ይለወጣል። ይህ ነገር ኤክሴል ላይም ይገጥማችኋል። የአድራሻ ዝርዝራችሁን አውጥታችሁ በቀጥታ ስትከፍቱት አማርኛው ይዘባርቃል። ዝጉት፤ ዳታ ከሚለው በኩል አስገቡት፣ ሲጠይቃችሁ 65001 ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ። በተዘባረቀበት መልኩ ሴቭ እንዳታደርጉት ብቻ።

አሁንም የቀሩ ነበሩ፤ ጥንታውያኑ። የቅሬው የድሮ ደብዳቤዎች በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፉ ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው በላዩ የእኛን ፊደል ይሥሉ ነበር። ከዩኒኮድ በኋላም ቢሮዎቻችን ለዓመታት በነሱ ጽፈዋል። ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ከሥሩ ያለውን ላቲን ነው፤ ትርጉም የሌለው የፊደልና የምልክት ቅልቅል። ባለጭረቷ ኤ እየተደጋገመች ካልመጣች፣ ይህንን ጠርጥሩ። ኢንኮዲንግ መነካካት አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ያ አሮጌ ፎንት ራሱ ነው። የት ይገኛል? ዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ! የእኔዎቹ እዚያ ተኝተው አገኘኋቸው፣ አንድ በአንድ ጫንኳቸው። ከዚያም ተንደርበርድ ፎንት ሴቲንግ ውስጥ መልዕክቶች ሌላ ፎንት እንዲጠቀሙ የሚፈቅደው ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን አየሁ። ያ ምልክት ከሌለ ፎንቱ ተጭኖም አይሠራም። እነዚያን ደብዳቤዎች አንድ ላይ ፒዲኤፍ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ዳግም በዚያ ፎንት አልጽፍም።

ትንሽ የምትመስል ግን ያናደደችኝን ልጨምር። ኒያላ በሚባል ፎንት ያዘጋጀሁት የቅሬው ማስታወቂያ አዲሱ ማሽን ላይ ሰፋ ብሎ ከመስመሩ ወጣ፤ ፊርማው ሁለተኛ ገጽ ላይ ብቻውን ቀረ። ዊንዶውስ 10 የአማርኛ ፊደል የሚያሳየው ኤብሪማ በሚባል ፎንት ነው። ኒያላ የቀረ አይደለም፤ ተጨማሪ ሆኗል። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ግቡና ኢትዮፒክ ሰፕለሜንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ። ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደንበኛ ፊት ቆሞ ሳይሆን አስቀድማችሁ ሥሩት።

እሑድ ደረሰ። ዝርዝሩን ከኢሜይሎቹ እንደገና ጻፍኩት። ያን ምሽት "ተመዝግበዋል" ብዬ የደመሰስኳቸው ግን አልተገኙም። ቦታ ላስለቅቅ ወይ ሲለኝ እሺ ብዬ የለ? ስድስት ሰዎች ነበሩ። አምስቱን በቴሌግራም ጠይቄ ከብሩ ጋር አመሳከርኳቸው። አንዱ ቀረ።

??? ????? 3000

ስብሰባው ላይ አልደበቅኩም። ተነሥቼ የሆነውን ነገርኳቸው። የቅሬው ዳኛ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። "ይህ ምልክት ለምን ሦስት ሆነ?" አሉኝ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጥያቄ ምልክት ነው የሚተካው፣ ክፍተቱም እንዳለ ነው አልኳቸው። ስናገረው ለራሴም ገባኝ።

"እንግዲያ ስሙ ሦስት ፊደል፣ ያባቱ አምስት ፊደል ነው" አሉ ዳኛው።

ቤቱ ተናወጠ። ሁሉም ጣቱን አውጥቶ የሰፈሩን ልጆች ስም በፊደል መቁጠር ጀመረ። አዲስ አበባ ያለ አይቆጠርም፣ ጅዳ ያለው ያባቱ ስም አራት ነው፣ ያኛው አምስት ነው ግን መቼ ሰጥቶ ያውቃል ተባለ። ሐጂ ከኋላ ሆነው "እስቲ እነዚያን ካናዳ ያሉትን ሁለቱን ቁጠሯቸው" አሉ። ሁለቱም ልክ መጡ፤ ሦስት፣ አምስት። ማታ ለሁለቱም ጻፍኩ። አንደኛው በማግሥቱ መለሰልኝ፦ "ሦስት ሺህ አይደለም፣ አምስት ሺህ ነው የላክሁት።"

ሌላኛው እስካሁን አልመለሰም።